ከምርኩዝ ወደ አስተማሪ

አንጎል በተጎዳ ጊዜ ጡንቻ ራሱ ሳይበላሽ ትእዛዝ አጥቶ ይቀራል። በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎኑ የደከመበት ሰው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬት ለመሬት የሚጎተቱት በዚህ የተነሣ ነው። ለብዙ ዘመን የነበረው መፍትሔ ምርኩዝ ወይም ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የብረትና የቆዳ ድጋፍ ነበር። ድጋፉ እግሩን ከመሬት ያነሣል፤ ዳሩ ግን ጡንቻውን ሥራ ያስፈታዋል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቭላዲሚር ሊበርሰን የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ መንገድ መኖሩን አሳየ። የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነበር። በጫማው ተረከዝ ሥር ማብሪያና ማጥፊያ ይቀመጣል። ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ከባትሪ የሚመነጭ የኤሌክትሪክ ምት ከጉልበት አጠገብ ወዳለው ነርቭ ይደርሳል፤ ጡንቻው ይኮማተርና የእግሩ ፊት ቀና ይላል። ተረከዙ መሬት ሲነካ ምቱ ይቋረጣል።

ይሁን እንጂ ለምርምሩ ታሪክ ከመሣሪያው ይልቅ ፍሬ የሰጠው አንድ ትዝብት ነው። ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ መሣሪያው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እግራቸውን በራሳቸው ኃይል ማንሣት ቻሉ። ስለዚህ መሣሪያው የጠፋውን ተግባር የሚተካ ብቻ ነውን? ወይስ አንጎልን ዳግመኛ ያስተምራል? የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ከአንድ ትውልድ በኋላ ኔቪል ሆጋንና ሄርማኖ ክሬብስ የተባሉ መሐንዲሶች በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ጥያቄ በሮቦት መረመሩት። ኤም.አይ.ቲ.-ማነስ የተሰኘው መሣሪያቸው የደከመውን ክንድ ያለማምዳል። የምሕንድስናው ብልሃት ለታካሚው እጅ በመታዘዙ ላይ ነው፤ ታካሚው ሲንቀሳቀስ ይለቅለታል፣ ሲያቅተው ያግዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ስትሮክ ካገኛቸው ቢያንስ ስድስት ወር ባለፋቸው 127 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በ36ኛው ሳምንት በሮቦት የተለማመዱት ሰዎች የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት የተሻለ መንቀሳቀስ ችለዋል። ሆኖም በሰው እጅ ተመሳሳይ ብርቱ ልምምድ ከተሰጣቸው ሰዎች አልበለጡም።

ውጤቱ መሐንዲሱን ሊያሳፍረው አይገባም። ፍሬው የሚገኘው ከልምምዱ ብዛትና ከታካሚው ጥረት መሆኑን ያመለክታልና። የማሽኑ ድርሻ ባለሙያውን እያደከመ በእጅ ይሠራ የነበረውን ልምምድ ሳይታክት መደጋገም ነው። በመሆኑም የዚህ ሙያ እውነተኛ መለኪያ ሊበርሰን አስቀድሞ ያስተዋለው ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ሰውዬው በራሱ የሚያደርገው እርምጃ ነው።