ከጆሮና ከጉሮሮ ወደ ልብ፤ የአንድ ጥያቄ አጭር ታሪክ

ስታዲየም ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የኳስ ጨዋታ፣ ይልቁንም በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ቀን ነው። ነገር ግን ከዚሁ ከስታዲየም ጥቂት ወደ ሰሜን የሚገኘው ፍልውሃ ከዚያ የቀደመ ታሪክ አለው፤ ይኸውም የበሽተኞች ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ከልብና ከደም ሥር ሕመም ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላልን? የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሐኪም ቢመስልም መልሱ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስተምረን ታሪክ ስለ ሆነ፣ ከፍልውሃ እንጀምራለን።

እንደሚታወቀው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ለመቆርቆር ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ፍል ውሃ ነበር። ቁርጥማት የያዘውም ሰው ለመታጠብ ወደዚህ ሲመጣ ኖሯል። ሙቅ ውሃ የመገጣጠሚያን ሕመም ስለሚያቀል ሕዝቡ ያየውን መመስከሩ ስሕተት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለውና በተለይ ልጆችን የሚይዘው የቁርጥማት ዓይነት፣ ጉልበትን አሳምሞ ይለቅና ልብን ይዞ ይቀራል። ሕመሙ ከጉልበት ሲወጣ በሽተኛው ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልቡ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ያሳጥሩታል።

ይህን የተሰወረ ግንኙነት ለመረዳት ለአውሮጳና ለአሜሪካ ሐኪሞችም ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ቡዮ እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቁርጥማትና የልብ ሕመም በአንድ በሽተኛ ላይ አብረው መገኘታቸው አጋጣሚ አለመሆኑን አስረዳ። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 አልቪን ኮበርን በኒውዮርክ፣ ዊልያም ኮሊስ በለንደን፣ ትኩሳቱ የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሐዋስ ጉሮሮን ካሳመመ በኋላ መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ በዋዮሚንግ የጦር ሰፈር በወታደሮች ላይ የተደረገው ምርመራ ታተመ፤ የጉሮሮውን ሕመም በፔኒሲሊን ማከም ትኩሳቱን እንደሚከላከልም ተረጋገጠ። አብሮ መታየቱን ማስተዋል፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ምክንያቱንም አስወግዶ ውጤቱን ማየት፤ እነዚህ ሦስት ደረጃዎች 114 ዓመት ፈጅተዋል።

አሁን ወደ ጆሮ እንመለስ። መካከለኛው ጆሮ ከታምቡሩ በስተጀርባ ያለ ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ በቀጭን ቦይ ከጉሮሮ የላይኛው ክፍል ጋር ይገናኛል። የሕፃናት ቦይ አጭር ስለ ሆነ የጉሮሮና የአፍንጫ ሕመም በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል፤ ያው ስትሬፕቶኮከስም ጆሮን ሊያመግል ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ የጆሮ መግል ልብን ያሳምማል» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም፤ ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚያስከትል በምርመራ የታየው የጉሮሮው ሕመም ነውና።

ሁለት ሕመሞች አብረው ሲታዩ አንዱ ለሌላው ምክንያት ሊሆን፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ሊመጡ፣ ወይም በአጋጣሚ ሊገናኙ ይችላሉ። ከአንድ ምንጭ ለመምጣታቸው ጥሩ ምሳሌ የትምባሆ ጢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ዘገባ፣ የወላጅ ማጨስ በልጆች ላይ የመካከለኛ ጆሮ ሕመም እንደሚያመጣ፣ ያው ጢስ በአጠገቡ የሚቀመጠውንም ሰው ልብ እንደሚጎዳ አረጋግጧል። እንግዲህ በአንድ ቤት ጆሮው የሚመግል ልጅና ልቡ የታመመ አባት ቢገኙ፣ ሁለቱን ያገናኘው ጢሱ ሊሆን ይችላል። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክላለች።

ይህን መለየት ለክርክር ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን የሳተ ሕክምና ይጎዳልና። ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉ ሲቆረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ ሊያገኘው ይችላል እንጂ ተሐዋሱ አይለቀውም፤ የልቡም አደጋ እንዳለ ይቀራል። የጆሮ መግልም «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሲታለፍ መስማትን ይቀንሳል፤ ሲብስም ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ልብን ባያሳምም እንኳ ስለ ራሱ መታከም ይገባዋል።

በየካቲት 2007 ዓ.ም. በዚችው በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት ተግባሮችን ዘርዝረዋል፤ ከእነርሱም መካከል የበሽተኞች መዝገብ ማቋቋምና ጥሩ ፔኒሲሊን እንዲገኝ ማድረግ ይገኙበታል። የዋዮሚንጉ ምርመራ ከታተመ ከ65 ዓመት በኋላ መድኃኒቱ ይገኝ ዘንድ መጠየቅ ማስፈለጉ ሊያሳስበን ይገባል።

በፍልውሃ የታጠቡት አባቶቻችን ያዩትን አላጡም፤ የጎደለው፣ ጉልበቱ የዳነውን ልጅ «ከዚህ ቀደም ጉሮሮህን አሞህ ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በመዝገብ የሚያቆይ ሰው ነበር። የጆሮንና የልብን ግንኙነት የሚያጠና ጓደኛችንም ሥራውን በዚህ ጥያቄና በዚህ መዝገብ ቢጀምር መልካም ነው እንላለን።