ያልጠጣው ሰካራም

የህንድ ፊልም ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የምታለቅስ እናትን፣ ጨካኝ ባለርስትንና ዛፍ እየዞሩ የሚዘፍኑ ፍቅረኞችን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ከዋናው ተዋናይ ኋላ ኋላ እየተከተለ ያስቀን የነበረውን ቀጭን ሰውዬ ነው። ሪዙ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል፣ ዐይኑ በግማሽ የተከደነ፣ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ። ስሙ ጆኒ ዎከር ይባላል።

መጀመሪያ ያየሁት በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ መርካቶ አካባቢ በነበረ ሲኒማ ቤት ነው። ፊልሙ «ማዱማቲ» ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ አጠገባችን የተቀመጠ ጎረምሳ እንደመሰለው ይተረጉምልናል። ጆኒ ዎከር ሰክሮ ጫካ ውስጥ እየዘፈነ ሲንገዳገድ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቄ ከጉሮሮዬ አላልፍ አለኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ይጠጡም ነበር። ሰካራም ሲንገዳገድ ማየት ለእኔ የሲኒማ ቤት ነገር አልነበረም።

የሰውየው ታሪክ ከፊልሞቹ አያንስም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ባድሩዲን ጀማሉዲን ቃዚ ነው። በ1920ዎቹ ኢንዶር በምትባለው የህንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ብዙ ልጆች የነበሩት ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቦምቤይ ተሰደደ። ቃዚ ጥቃቅን ነገር እያዞረ ሸጠ፣ ያገኘውን ሠራ፤ በመጨረሻም የከተማው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ በወር 26 ሩፒ ነበር። አውቶቡሱን መድረክ አደረገው። የፌርማታውን ስም ሲጠራ፣ ትኬት ሲቆርጥ፣ መንገደኛውን ሲያሳፍርና ሲያወርድ ሁሉ ቀልድ አይለየውም ነበር።

ይህን ያስተዋለው ባልራጅ ሳህኒ ነው። ሳህኒ ራሱ ታላቅ ተዋናይ ሲሆን በዚያ ወቅት «ባዚ» ለተባለው ፊልም ድርሰት እየጻፈ ነበር። ቀጥሎ የሆነው በተለያየ መልክ ይነገራል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ትኬት ቆራጩ በሳህኒ ምክር ዳይሬክተሩ ጉሩ ዳት ካለበት ሰተት ብሎ ገባ፤ የሰከረ መስሎም ሰውን ሁሉ ያስቸግር ጀመር። ሊያስወጡት ሲሉ ቀልዱ ተገለጠ። ጉሩ ዳት ወዲያው ሥራ ሰጠው፤ ስምም አወጣለት፤ የታወቀውን ውስኪ ስም። «ባዚ» በ1951 ለሕዝብ ታየ።

አስገራሚው ነገር ይህ በውስኪ ስም የተጠራ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰካራም ሆኖ የተጫወተ ሰው መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ መሆኑ ነው።

ይህን ከማንበቤ ከብዙ ዓመታት በፊት ግን አባቴ ነግረውኝ ነበር። አንድ እሑድ ለምኜ ለምኜ ሲኒማ ቤት ወሰድኳቸው። እሳቸውም እንደ እኔ አልሳቁም። ስንወጣ፣ «ይኼ ሰውዬ ጠጥቶ አያውቅም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«የጠጣ ሰው የሚጥረው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ነው» አሉና ዝም አሉ። ሰፈር እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ጉሩ ዳት በአብዛኞቹ ፊልሞቹ ውስጥ ጆኒ ዎከርን አስገብቶታል። ከሁሉም የምመርጠው በ1957 የወጣውን «ፕያሳ» ነው። (የእኛን ፒያሳ ያስታውሰኛል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን «የተጠማው» ማለት ነው።) ጉሩ ዳት ግጥሙን የሚያሳትምለት ያጣ ባለቅኔ ሆኖ ይሠራል። ጆኒ ዎከር ደግሞ የዘይት ጠርሙሱን ይዞ በየመንገዱ «ራስ ላሽ!» እያለ የሚዞር ድሃ ነው። መሐመድ ራፊ የዘፈነለት የዚያ ትዕይንት ዜማ ዛሬም ይዘፈናል። ራፊ ለእሱ ሲዘፍን ድምፁን ወደ ሰውየው አነጋገር ስለሚያስጠጋ፣ ዘፋኙ ሌላ ሰው መሆኑን ተመልካች ይረሳዋል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ወንድሞቹና ወዳጁ ባለቅኔውን «አናውቀውም» ብለው ይክዱታል፤ እብድ ተብሎ ከተዘጋበት እንዲያመልጥ የሚረዳው ይኸው ራስ አሻሹ ነው። ጉሩ ዳት ለቀልደኛው ከቀልድ በላይ ቦታ ሰጥቶታል ማለት ነው።

ሁልጊዜ ግን ተሳክቶለታል አልልም። በ1959 በወጣው «የወረቀት አበባ» ፊልም የጆኒ ዎከር ክፍል ለብቻው የተሰፋ ጥፍጥፍ ይመስለኛል፤ ቢቀነስ ታሪኩ አይጎድልም።

በዚያው ዘመን ዝናው ጣራ ነክቶ ነበር። በራሱ የሲኒማ ስም የተሰየመ ፊልም ተሠራ። በ«ማዱማቲ» የፊልምፌርን የረዳት ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። እሑድ አልሠራም ብሎ ለቤተሰቡ እስከማዋል ደረሰ፤ በዚያ ኢንዱስትሪ ይህ ያልተለመደ ድፍረት ነበር።

በጥቅምት 1964 ጉሩ ዳት በ39 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን አደባልቆ ነበር፤ በስህተት ይሁን በፈቃዱ እስካሁን ያከራክራል። ለማይጠጣው ጓደኛው የውስኪ ስም ያወጣለት ሰው ነው እንዲህ የሞተው።

ከዚያ በኋላም ጆኒ ዎከር ብዙ ሠርቷል፤ ነገር ግን ዘመኑ ተለወጠ። ዋናዎቹ ተዋናዮች ቀልዱንም ራሳቸው ያዙት። ብልግና የገባበት ቀልድ ገበያ ሲያገኝ እሱ ፈቀቅ አለ። በሦስት መቶ ያህል ፊልሞች ሳንሱር አንድም መስመር አልቆረጠብኝም ብሎ ይኮራ ነበር።

በ1971 የወጣውን «አናንድ»ን ያየ ሰው አይረሳውም። በካንሰር የሚሞት ወጣት የማያውቀውን ሰው ሁሉ በፈጠራ ስም እየጠራ ወዳጅ ያደርጋል። ጆኒ ዎከር የቲያትር ባለቤት ሆኖ ቀልዱን በቀልድ ይመልስለታል፤ ይወዳጃሉ። የልጁን ሕመም የሰማ ዕለት ግን ያ የምናውቀው ፊት ሲፈርስ እናያለን።

ፊልም ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ በ1997፣ ካማል ሃሳን አግባብቶ «ቻቺ 420» ላይ አሠራው። የተሰጠው የሜካፕ ሠሪ ክፍል ነበር፤ ጠጪ ሜካፕ ሠሪ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2003፣ ትኬት እየቆረጠ በዞረባት ከተማ አረፈ።