የፈተናው ሣጥን፦ ከባቡር እስከ መኝታ ቤት

ፈተና ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው የታሸገ ፖስታ በተማሪ ፊት ሲቀደድና ፈታኙ በወንበሮች መካከል ኮቴውን ሳያሰማ ሲመላለስ ነው። ለመሆኑ ፈታኙ በሌላ ከተማ፣ ተማሪው በገዛ ቤቱ ሆኖ እንዴት ይፈተናል? ጥያቄው የኢንተርኔት ዘመን የወለደው ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከ160 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1858 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፈታኞች ወረቀቱን በሣጥን ቆልፈው በባቡር ተሳፈሩ። ሊቨርፑልንና ብሪስቶልን ጨምሮ በስምንት ከተሞች 370 ያህል ወንዶች ልጆች በአንድ ሰሞን ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ተቀመጡ። በ1863 ደግሞ ፈተናው ባሕር ተሻግሮ ትሪኒዳድ ደረሰ፤ ተፈታኞቹ 10 ብቻ ነበሩ። ቁም ነገሩ ከቁጥሩ ላይ አይደለም። ፈተናው ከቤቱ ሲርቅ አመኔታን ይዞለት የሄደው የሣጥኑ ቁልፍና አጃቢው ሰው ነው።

ከዘመናት በኋላ አሜሪካኖች ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ አገኙት። በ1997 በፍሎሪዳ የመንግሥት የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ሌሎች ክፍላተ ግዛትም ተከተሉ። በ2002 የተፈረመው የትምህርት ሕግ ደግሞ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ፣ ከመቶ ቢያንስ 95ቱም እንዲቀርቡ አዘዘ። እንግዲህ ሕንፃ የሌለው ትምህርት ቤት የት ይፈትን? የሆቴል አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ይፈለግ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ የተማረውን ልጅ፣ ለፈተናው ሲሆን ወላጁ ረጅም መንገድ ነድቶ ያደርሰዋል። መኪና የሌለው፣ ከሥራ የማይፈቀድለትስ?

ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2020 የፌዴራሉ መንግሥት የዓመቱን ፈተና ለማስቀረት ፈቀደ። በግንቦት ለኮሌጅ የሚያዘጋጁት የኤፒ ፈተናዎች በቤት ተሰጡ፤ አብዛኞቹ 45 ደቂቃ ብቻ የፈጁ፣ መጽሐፍ መግለጥም የሚፈቀድባቸው ነበሩ። ጽፈው ጨርሰው መልሳቸውን መላክ ያቃታቸው ተማሪዎች እንደነበሩም ይታወሳል። በየካቲት 2021 የክፍላተ ግዛቱ ፈተና ከተቻለ በርቀት እንዲሰጥ ተፈቀደ። የሣጥኑን አጃቢ ካሜራ ተካው። ካሜራው ግን ጓዳ ገባ፤ በነሐሴ 2022 ክሊቭላንድ ያስቻለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፈተና በፊት የተማሪውን መኝታ ክፍል በካሜራ መቃኘቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ፍተሻ ነው ሲል በየነ።

እኛ ዘንድ መንገዱ ተቃራኒ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ተሰረዘ፤ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ተማሪው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተፈተነ። በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ በኮምፒውተር ሲፈተንም በመፈተኛ ጣቢያ እንጂ በቤቱ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ይታየኛል። ርቀት አይጠፋም፤ ተሸካሚው ይለዋወጣል እንጂ። በባቡሩ ዘመን ፈታኙ ተሸከመው፤ በሆቴሉ ዘመን ወላጁ፤ በካሜራው ዘመን የቤተሰቡ ገመና። ስለ ኩረጃ የምንጨነቀውን ያህል ይህን ሸክም ማን ይሸከመው ብለን ካልጠየቅን፣ ፈተናው የሚለካው የልጁን ዕውቀት ሳይሆን የቤቱን አቅም እንዳይሆን እሰጋለሁ።