ተመጣጣኝ

«ለትምህርት ቤቶች ብሮድባንድ በተመጣጣኝ ዋጋ» ሲባል ብዙዎቻችን «በርካሽ» ማለት ይመስለናል። ተመጣጣኝ ግን ከ«መጠን» የወጣ ቃል ነውና ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ዋጋው ከምን ጋር ይመጣጠን?

የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ለታዳጊ አገሮች ያስቀመጠው ልክ አለ፦ የመነሻው አገልግሎት ክፍያ ከወርኃዊ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ2 በመቶ በታች ይሁን። የነፍስ ወከፍ ነገር ቅር ይለኛል፤ ባለፎቁንና የቀን ሠራተኛውን ደምሮ ያካፍላል። ደግሞም የሚለካው የግለሰብን ኪስ እንጂ የትምህርት ቤትን በጀት አይደለም።

ቃሉን በትክክል የተረጎመው፣ በእኔ ሚዛን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የቴሌኮም ሕግ ያስገኘው ኢ-ሬት የተባለው የትምህርት ቤቶችና የቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ቅናሽ ነው። ቅናሹ እንደ አካባቢው ድህነት ከ20 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። መለኪያው ምሳ ነው! ከተማሪዎቹ 75 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ በሆኑበት የትምህርት ወረዳ ያለ ትምህርት ቤት፣ ወርኃዊ የኢንተርኔት ሒሳቡ 1,000 ዶላር ቢመጣ የሚከፍለው 100 ብቻ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የሚገኝበትን የትምህርት ወረዳ ቅናሽ ይጋራል። ቀሪውን የሚሸፍነው የቴሌኮም ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ ነው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ መልሰው በደንበኛው የስልክ ሒሳብ ላይ ይደምሩታል።