ነጥብ ተጋራ ወይስ ነጥብ ጣለ? የአንድ አቻ ውጤት የ137 ዓመት ክርክር

አርብ ማታ ነው፤ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። እዚህ አገር ሰው ለከተራና ለጥምቀት ሲሰናዳ፣ በእንግሊዟ የበርንሌይ ከተማ ተርፍ ሙር ስታዲየም ውስጥ ከሰንደርላንድ ድረስ የመጡ ደጋፊዎች ጭንቅላታቸውን ይዘው ቆመዋል። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ የሚፎካከሩ ሁለት ክለቦች ናቸው የተገናኙት። ሰንደርላንድ ከሜዳው ውጪ፣ ጎል ማግባት እንደ ተራራ በሚከብድበት ስታዲየም፣ እስከ መጨረሻው ተናንቆ 0 ለ 0 ላይ ደርሷል። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ። ዊልሰን ኢሲዶር መታ፤ ግብ ጠባቂው ጄምስ ትራፎርድ አወጣው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ፍፁም ቅጣት ምት። አሁንም ኢሲዶር፣ አሁንም ትራፎርድ። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ።

ከእንዲህ ዓይነት ምሽት በኋላ በየአውቶቡሱ ውስጥ የሚነሳው ክርክር በየትኛውም አገር አንድ ነው። አንዱ ወገን «ከተፎካካሪ ሜዳ አንድ ነጥብ ይዞ መመለስ ወርቅ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አግኝተህ? ሁለት ነጥብ መንገድ ላይ ጥለን ነው የመጣነው» ይላል። ንጋት ላይም አይስማሙም።

የአማርኛ ስፖርት ጋዜጠኞች ለዚህ አንድ ውጤት ሦስት አነጋገር አላቸው። «ሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተጋሩ» ይባላል። «ቡድኑ ነጥብ ጣለ» ይባላል። «አንድ ነጥብ ይዞ ተመለሰ» ይባላል። ውጤቱ ያው 0 ለ 0 ሆኖ ሳለ መጋራት ሰላማዊ ነው፣ መጣል ኪሳራ ነው፣ ይዞ መመለስ ደግሞ ትርፍ ነው። ሰው እንደ ስሜቱ ቃል የሚመርጥ ይመስላል እንጂ፣ እነዚህ አነጋገሮች ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ዘመናትን ነው የያዙት። በአውቶቡሱ ውስጥ የሚጨቃጨቁት ደጋፊዎችም ሳያውቁት ከሁለት ዘመን ሆነው ነው የሚነጋገሩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ በ1888 በ12 ክለቦች ሲጀመር ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር እንኳ ገና አልተወሰነም ነበር። ጨዋታው በመስከረም ተጀምሮ፣ ውሳኔው የመጣው በኅዳር ነው። ነጥብ ለአሸናፊ ብቻ ይሰጥ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በመጨረሻ ያለፈው ግን ለአሸናፊ 2፣ አቻ ለወጡት ለእያንዳንዳቸው 1 የሚለው ነው። በዚህ ሒሳብ እያንዳንዱ ጨዋታ 2 ነጥብ የምታህል አንድ እንጀራ ይዞ ይመጣል። ወይ አንዱ ሙሉዋን ይበላታል፣ ወይ ሁለቱ እኩል ይቆርሷታል፤ የሚባክን የለም። «ነጥብ ተጋሩ» የሚለው አነጋገር ልክ የሚሆነው በዚህ ሒሳብ ነው።

ችግሩ፣ መቁረሱ ለሁለቱም የሚጥም ቀን ሲመጣ ነው። ያ ቀን ለመምጣት አሥር ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት።

በዚያን ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን በቀጥታ ማደግ አልነበረም። ከላይኛው ዲቪዚዮን ግርጌ የጨረሱ ሁለት ክለቦችና ከታችኛው አናት ላይ የጨረሱ ሁለት ክለቦች በዓመቱ መጨረሻ እየተገናኙ ማን ላይ እንደሚቀመጥ የሚለዩበት የፈተና ጨዋታ ነበር። በ1898 ከላይ ስቶክና ብላክበርን፣ ከታች በርንሌይና ኒውካስል ተፈታኞች ሆኑ። ሚያዝያ 30 ቀን በርንሌይ ወደ ስቶክ ሄደ። ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው አንዲት ነጥብ ናት። አቻ ከወጡ ሁለቱም አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ናቸው። ይህን ተጫዋቹም ያውቃል፣ አሰልጣኙም ያውቃል፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ተመልካችም ያውቃል።

ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ወደ ጎል የተሞከረ አንድ ኳስ እንኳ አልነበረም ተብሎ ይተረካል። ተመልካቹ በመጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ራሱ ጨዋታ ጀመረ። ኳሷ ወደ ሕዝቡ በገባች ቁጥር «አንመልስም» እያለ ያስቀራት ጀመር። በዚያ ከሰዓት በኋላ አምስት ኳስ ሥራ ላይ ዋለ ይባላል። በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ደጋፊ በአቻ ውጤት ላይ ካሰማቸው ተቃውሞዎች ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ማግኘት ይከብዳል። ሰዎቹ የተናደዱት ቡድናቸው ስላላሸነፈ አልነበረም። የስቶክ ደጋፊ ክለቡ ከመውረድ ተርፎለታል፣ የበርንሌይ ደጋፊ ክለቡ አድጎለታል። የተናደዱት ውድድሩ ስለተሰረቀባቸው ነው።

ሊጉም ደነገጠ። አንደኛ ዲቪዚዮኑን ወደ 18 ክለቦች አስፍቶ ኒውካስልንና ብላክበርንንም አስገባ፤ የፈተና ጨዋታውንም አስቀረና ሁለት ክለብ በቀጥታ የሚያድግበት፣ ሁለት ክለብ በቀጥታ የሚወርድበትን ሥርዓት ተከለ። ዛሬ ደጋፊ በየሳምንቱ የደረጃ ሰንጠረዥ ይዞ የሚሰላው የማደግ ፉክክር የተወለደው ከዚያ አሳፋሪ የአቻ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። የነጥብ ሒሳቡን ግን ማንም አልነካውም።

በዚያ ሒሳብ ለማደግ የሚፈልግ አሰልጣኝ አንድ ቀመር ነበረው፤ በሜዳህ አሸንፍ፣ ከሜዳህ ውጪ አቻ ውጣ። በወቅቱ አንድ ክለብ በዓመት 42 ጨዋታ ያደርጋል። 21ዱን በሜዳው ቢያሸንፍ 42 ነጥብ፣ 21ዱን ከሜዳው ውጪ አቻ ቢወጣ 21 ነጥብ፤ ድምሩ 63። በ1963/64 የውድድር ዘመን በዶን ሬቪ የሚሠለጥነው ሊድስ ዩናይትድ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን በአንደኝነት ጨርሶ ሲያድግ የሰበሰበው ነጥብ ልክ 63 ነበር። 24 አሸንፎ፣ 15 አቻ ወጥቶ፣ በ3 ብቻ ተሸንፎ። እርግጥ የሊድስ መንገድ እንደ ቀመሩ ድርቅ ያለ አልነበረም፤ ቁጥሩ መገጣጠሙ ግን ዘመኑ ምን ይሸልም እንደነበር ያሳያል። ያኔ ከሜዳ ውጪ አቻ መውጣት ሥራን በአግባቡ መፈጸም ነበር። ሁለት አቻና አንድ ድል እኩል 2 ነጥብ ናቸውና፣ ለማሸነፍ ብሎ ተከላካዩን የሚከፍት አሰልጣኝ እንደ ሞኝ ቢታይ አይገርምም።

ከዚያ 1977 መጣ። ይህኛው ታሪክ በሰንደርላንድ ቤት እስከ ዛሬ እንደ ደም የሚቆጠር ነው።

ግንቦት 19 ቀን፣ የመጨረሻው የጨዋታ ዕለት። ኮቨንትሪ፣ ብሪስቶል ሲቲና ሰንደርላንድ እኩል 34 ነጥብ ይዘው ከመውረድ ለመትረፍ ይታገላሉ። ኮቨንትሪ ብሪስቶል ሲቲን በሜዳው ያስተናግዳል፣ ሰንደርላንድ ወደ ኤቨርተን ሄዷል። የኮቨንትሪው ጨዋታ በተመልካች ብዛትና በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ከሌላው ዘግይቶ ተጀመረ። ኮቨንትሪ 2 ለ 0 መራ፤ ብሪስቶል ሲቲ አንድ አለ፣ ከዚያም ሁለት። 2 ለ 2። ገና ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ከሊቨርፑል ከተማ ወሬ መጣ፤ ሰንደርላንድ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸንፏል። የኮቨንትሪ የበላይ ኃላፊ የነበረው ጂሚ ሂል ይህ ውጤት በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። ተጫዋቾቹ ቀና ብለው አነበቡ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ አይባልም፤ ኳሷን ለራሳቸው እየተቀባበሉ ሰዓቱን ጨረሱት። ኮቨንትሪም ብሪስቶል ሲቲም በ35 ነጥብ ተረፉ፣ ሰንደርላንድ ወረደ። የሊጉ ባለሥልጣናት ኮቨንትሪን ወቀሱ፤ ውጤቱ ግን ጸና።

ከአራት ዓመት በኋላ የአቻን ውጤት ዋጋ ለማውረድ ተሟግቶ ያሳካው ሰው ደግሞ ማን ነው? ያው ጂሚ ሂል።

ሂል ቀላል ሰው አልነበረም። በተጫዋችነት ዘመኑ የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ሆኖ ሳምንታዊውን የ20 ፓውንድ የደመወዝ ጣሪያ በ1961 ያስፈረሰ፣ በኋላ ኮቨንትሪን በአሰልጣኝነት ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያወጣ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን እግር ኳስ ተንታኝነት አገር ያወቀው ነው። ለአሸናፊ 3 ነጥብ የሚለው ሐሳቡ በመጀመሪያ የተሞከረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአማተሮቹ ኢስሚያን ሊግ ነበር። ፉትቦል ሊግ ከ1981/82 ጀምሮ ሲቀበለው ሰበቡ ፍልስፍና አልነበረም፤ ባዶ ወንበር ነው። በ1948/49 በአጠቃላይ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ይገባበት የነበረው ሊግ በ1980/81 ወደ 22 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ቡድኖች እንጀራ ሲቆርሱ ማየት ሰልችቶታል። የ1898ቱ ተመልካች ኳስ በማስቀረት የተናገረውን የ1980ዎቹ ተመልካች ባለመምጣት ተናገረ።

አዲሱ ሒሳብ እንዲህ ነው። ጨዋታው 3 ነጥብ ይዞ ይመጣል። አንዱ ካሸነፈ ሦስቱም አሉ። አቻ ከወጡ ግን አንድ አንድ ይወስዱና ሦስተኛዋ ነጥብ ትጠፋለች፤ ማንም አይበላትም። «ነጥብ ጣለ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ጋር ነው የሚሄደው። ከ1981 ወዲህ አቻ ሲወጣ በእርግጥም የሚወድቅ ነጥብ አለ። ዓለምም ዘግይቶ ተከተለ፤ የዓለም ዋንጫ በ1994፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ሊጎች በዚያው ሰሞን።

ሐቁን ለመናገር፣ መድኃኒቱ የተባለለትን ያህል አልሠራም። የጎል ጎርፍ አልመጣም። አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን መሪነቱ ይበልጥ ውድ ስለሆነበት አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ ማስገባት ለመደ። የ1977ቱንም ዓይነት ነውር 3 ነጥብ አይከለክለውም፤ ለሁለቱም አቻ በቂ ከሆነ ምንም ያህል ነጥብ ለድል ብትሰጥ አይሮጡም። ያንን የሚከላከለው በመጨረሻው ዕለት ጨዋታዎችን በአንድ ሰዓት ማስጀመር ነው። የተለወጠው የደጋፊው ዓይን ነው። አያቱ ከሜዳ ውጪ 0 ለ 0 ሲባል «ጎሽ» ይል ነበር፤ የልጅ ልጁ ሰንጠረዡን ከፍቶ የጎደለችውን ሁለት ነጥብ ይቆጥራል።

ወደ ተርፍ ሙር ስንመለስ ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል። በዚያ የ2024/25 የውድድር ዘመን በርንሌይ 28 አሸንፎ፣ 16 አቻ ወጥቶ፣ 2 ብቻ ተሸንፎ 100 ነጥብ ሰበሰበ፤ በ46 ጨዋታ የገባበት ጎል 16 ብቻ ነው። ሊድስም 29 አሸንፎ፣ 13 አቻ ወጥቶ፣ 4 ተሸንፎ ያው 100 ነጥብ። ሁለቱም አደጉ፤ ዋንጫው በጎል ልዩነት ለሊድስ ሄደ። በአሮጌው ሒሳብ ቢቆጠር ግን በርንሌይ 72፣ ሊድስ 71 ነበር። አቻ ሲወጣ «ምን ዓይነት አሰልቺ ቡድን ነው» ይባል የነበረው በርንሌይ፣ በአያቶች ዘመን ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ይበላው ነበር ማለት ነው። በ1898 በአቻ ያደገ ክለብ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ የዘር ይመስላል።

ሰንደርላንድስ? በዚያ አርብ ማታ ጣለው የተባለው ሁለት ነጥብ ምንም አልለወጠም። 76 ነጥብ ይዞ አራተኛ ጨረሰ፤ 78ም ቢሆን አራተኛ ነበር። አራተኛ ደግሞ ወደ ፕሌይ ኦፍ ይወስዳል፤ ለአንድ ክለብ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ገቢ የሚወሰንበት የመጨረሻ በር ነው። ከሰንደርላንድ ጋር በዚያ በር ላይ የቆሙት ሸፊልድ ዩናይትድ፣ ብሪስቶል ሲቲና ኮቨንትሪ ናቸው። የ1977ቱ ሦስቱም ክለቦች ከ48 ዓመት በኋላ እንደገና ተገናኙ፤ ሰንደርላንድ በግማሽ ፍጻሜ የደረሰውም ኮቨንትሪ ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሰንደርላንድ ከሜዳው ውጪ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ ኮቨንትሪ 1 ለ 0 መርቶ ድምሩን አስተካከለና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። ፍፁም ቅጣት ምት መለያ ሊጀመር ሲል፣ በ122ኛው ደቂቃ፣ ከማዕዘን ምት የተሻገረችውን ኳስ ተከላካዩ ዳን ባላርድ በግንባሩ ገጭቶ አስገባት። 1 ለ 1፤ በድምሩ 3 ለ 2። የዚያ ምሽት ውጤት በመዝገብ ላይ አቻ ተብሎ ነው የሰፈረው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሰንደርላንድ በዌምብሊ ሸፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸንፎ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ።