«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ ዐይብ ያለበት ዕቃ በሸሪዓና በሀገራችን ሕግ ታሪክ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ከመገናኛ እስከ ሾላ፣ ከሾላ እስከ ኮተቤ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የምናየው አንድ ጽሑፍ አለ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ከመልመዳችን የተነሣ እንደ ሕግ እንቆጥረዋለን። አንዲት እናት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ስትጥል ቆይታ ዕጣው ሲወጣላት ማቀዝቀዣ ትገዛለች። ዕቃው ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን መሥራቱን ያቆማል። ወደ ሱቁ ስትሄድ ባለሱቁ ምንም ሳይናገር በጣቱ ወደ ግድግዳው ያመለክታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ለመሆኑ ይህች እናት መብት የላትምን? ያ ወረቀትስ ሥልጣኑን ከየት አገኘው? ዛሬ የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ መልሱንም ከታሪክ እንፈልጋለን።

ጉዟችንን ከመዲና ገበያ እንጀምር። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያው ሲያልፉ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ አታላይ የሆነ ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ በሚሸጥ የእንጨት ሸክም ውስጥ ደረቁ ከውጭ፣ እርጥቡ ከመሐል ሊሆን ይችላል። በከሰል ጆንያም ትልልቁ ከአፉ ላይ፣ ብናኙ ከሥር ሊሆን ይችላል። የዕቃው ስም ይለያይ እንጂ ተንኮሉ አንድ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በማስጠንቀቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ ለተታለለው ሰው መፍትሔም ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሻጮች ግመል ወይም በግ ከመሸጣቸው በፊት ጡቷን አስረው ሳያልቡ ያቆዩአት ነበር። ገዢውም የተጋተውን ጡት ዐይቶ ወተታም ናት ብሎ ይገዛል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንዲህ ያለ ገዢ ካለባት በኋላ ከፈለገ እንዲያስቀራት፣ ካልፈለገ ለጠጣው ወተት አንድ ቁና (ሷዕ) ተምር ጨምሮ እንዲመልሳት ፈቅደዋል። በአንዳንድ ዘገባዎችም ምርጫው ለሦስት ቀን እንደሆነ ተገልጿል። ፍትሑን አስተውሉ! ገዢው ገንዘቡን ያገኛል፤ ሻጩም የተጠጣበትን ወተት ካሣ አያጣም።

ከእነዚህና ከመሰል ሐዲሶች የፊቅህ ሊቃውንት «ኺያር አል-ዐይብ» የሚባለውን ድንጋጌ አወጡ። ትርጉሙ በዐይብ ምክንያት የሚገኝ የመምረጥ መብት ማለት ነው። መብቱ የሚገኘው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ጉድለቱ በነጋዴዎች ልማድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ወይም ከተፈለገበት ጥቅም የሚያግደው ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በገዢው እጅ ከመግባቱ በፊት የነበረ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ገዢው ሲገዛ አያውቀውም ነበር። ሦስቱ ከተሟሉ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል።

ታዲያ ሻጩ አስቀድሞ «ለሚገኝበት ጉድለት ኃላፊ አይደለሁም» ቢልስ? ይህ ጥያቄ በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ ማለትም ከ23 እስከ 35 ዓመተ ሂጅራ ባለው ጊዜ ተነሥቶ ነበር። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በዘመኑ ልማድ አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ፤ ከዐይብም ኃላፊነት ነጻ መሆናቸውን በውሉ ላይ አስገቡ። በኋላ ገዢው በሽታ እንዳለበት ያልተነገረው መሆኑን ገልጾ ከሰሰ። ዑስማንም ኢብን ዑመር በሽታውን ሳያውቁ እንደሸጡ በአላህ ስም እንዲምሉ ፈረዱ። እርሳቸው መማልን አልፈለጉምና የሸጡትን መልሰው ወሰዱ። በኋላም ያው ሰው በእጃቸው ሳለ ዳነና በ1500 ዲርሃም ተሸጠ።

እንግዲህ ኢብን ዑመርን የመሰለ ታላቅ ሰሓባ እንኳ በውሉ ቃል ብቻ ከመጠየቅ አልዳኑም። በዚህ ነጥብ መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያያሉ። ሐነፊዮች እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ሰፋ አድርገው ይቀበላሉ። ሻፊዒዮች ግን በእንስሳ ውስጥ ባለ፣ ስውር በሆነና ሻጩ በማያውቀው ዐይብ ላይ ብቻ ይወስኑታል። የሚያውቁትን ጉድለት ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ታች ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ አራዳ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ሆነ። በዚያም ከየአውራጃው የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ የመን ዐረቦችና ህንዶች ይነግዱ ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘቡ ራሱ በዐይብ ይመረመር ነበር። አሞሌ ጨው ከተሸረፈ ወይም እርጥበት ከበላው ዋጋው ይወርዳል። ማርያ ቴሬዛ የሚባለው ጠገራ ብርም በሥዕሉ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጥቦች ሳይጠፉ በግልጽ መታየታቸው ተረጋግጦ ነው የሚወሰደው፤ የተፋቀውን ሰው አይቀበልም ነበር። የገበያውና የቀረጡ ሹም ነጋድራስ ይባላል። የነጋዴዎችን ክርክርም ይሰማ ስለነበር፣ በእስላማዊ ከተሞች ሚዛንን ከሚቆጣጠረውና አታላይን ከሚቀጣው ሙሕተሲብ ጋር ሥራው ይቀራረባል።

«ዋስትና» የሚለው ቃላችንም የሚናገረው ታሪክ አለ። ዛሬ ጋራንቲ ስንል በካርቶን ውስጥ የሚመጣ ወረቀት ትዝ ይለናል። ቃሉ ግን «ዋስ» ከሚለው የመጣ ነው። ዋስ ደግሞ ሰው ነው፤ ስለ ሌላው የሚቆምና የሚጠየቅ። ስለዚህ ዋስትና የሰጠ ነጋዴ «ለዚህ ዕቃ እኔ ዋስ ነኝ» ማለቱ ነውና ችግር ሲመጣ ፊቱን ሊያዞር አይገባውም።

በጽሑፍ ከነበሩን ሕጎች ቀዳሚው ፍትሐ ነገሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የክርስቲያኖች መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ዓለማዊ ጉዳዮች በሚናገርባቸው ክፍሎች የእስላማዊ ፊቅህ አሻራ እንዳለ የሕግ ታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ደነገገ። ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ወዲያው እንዲያስታውቅ፣ ክስ ቢያስፈልገው ካስታወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ አዘዘ። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን «ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው የውል ቃል አይጠቅመውም አለ። ዑስማን (ረ.ዐ) ከፈረዱት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አያችሁን?

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ለሸማቾች ጥበቃ ወጣ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲተካም፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ተደነገገ። የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለውም ያ ይጠበቅለታል። ነጋዴውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ተገደደ። ይህን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ሲቀር ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላለፈ።

አንዳንድ ወንድሞች «ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው» ይላሉ። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሳሰሉትን የሚመለከት እንጂ የሱቅ ሽያጭን አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። የቂያማ ቀን ጥያቄ ግን ከማንም ሥልጣን ውጭ አይሆንም።

እንግዲህ የግድግዳውን ወረቀት እንመዝነው። ሁለት ነገሮችን ለይተን ማየት አለብን። ገዢው ጤነኛ ዕቃ ወስዶ ቀለሙ አላማረኝም ወይም ሐሳቤን ቀየርኩ ቢል ሻጩ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ቢቀበለው ግን ይህ «ኢቃላ» ይባላል፤ የተጸጸተን ገዢ ከውሉ የፈታ ሰው አላህ ስሕተቱን እንደሚያልፍለት በሐዲስ ተነግሮለታል። ዕቃው ከመጀመሪያው ዐይብ ኖሮበት ከሆነ ግን ነገሩ ችሮታ መሆኑ ይቀርና ሐቅ ይሆናል። ያንን ሐቅ ደግሞ ወረቀት አይሽረውም።

ገዢም አደራ አለበት። ዕቃውን ሱቁ ውስጥ እያለ ይፈትን፤ ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት ይያዝ፤ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይናገር። ዐይቡን ካወቀ በኋላ በዕቃው መገልገሉን ከቀጠለ በፊቅህ እንደወደደው ይቆጠራልና መብቱን ሊያጣ ይችላል። ራሱ ጥሎ የሰበረውን «ሲሸጥልኝ ተሰብሮ ነበር» ብሎ መመለስም ያው ማታለል ነው። እርጥብ እህል ደብቆ ከሚሸጠው በምን ይለያል?

ውድ ነጋዴ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን! ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ዐይቡን ከገለጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ያቺ እናት ተከፍታ ብትመለስ ሱቁ የአንድ ማቀዝቀዣ ዋጋ ያተርፍ ይሆናል። ነገር ግን ዱዓዋን ያጣል፤ ጎረቤቶቿም ይሰማሉ። ወረቀቱን ከግድግዳው አንሥታችሁ «ዐይብ ያለበትን እንመልሳለን» ብላችሁ ብትጽፉ ኪሳራ አትፍሩ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ቀጥ ያለ፣ ቤታችንን በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።