ጫማውና ዳገቱ

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ማለዳ ማለዳ ሯጮችን ያስተናግዳል። ዳገቱ ባለጸጋውን ከድኻው ሳይለይ የሁሉንም ትንፋሽ እኩል ይፈትናል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከእግር ሥር ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመ። ጫማ ጀግና አይወልድም የሚሉ ወገኖች ይህን በማስረጃነት ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ጫማ ዋና ተግባር እግርን መጠበቅ ነበር፤ የዛሬው ግን በወፍራም ስፖንጅና በስስ የካርቦን ንጣፍ አማካይነት ሯጩ መሬት ላይ ከሚያሳርፈው ጉልበት ከፊሉን ይመልስለታል።

ስለዚህም የዓለም አትሌቲክስ በጥር 2012 ዓ.ም. የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን ቀድሞ የገባው ደራራ ሁሪሳ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘበት። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትእግስት አሰፋ በርሊን ላይ 138 ግራም በሚመዝን፣ ደንቡን በጠበቀና 500 ዶላር በሚሸጥ ጫማ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች።

ደንቡ ውፍረትን ለካ፤ ዋጋን ግን አልለካም። የትእግስትን ላብ የሚተካ ጫማ የለም። ነገር ግን በዚያው ዳገት እኩል እየላበ ጫማውን መግዛት የማይችል ወጣት ካለ፣ ውድድሩ ከመነሻው መስመር በፊት ተጀምሯል። የቴክኒክ እድገት ፍትሐዊ የሚሆነው ለላብ አደሩ ሁሉ ሲዳረስ ነው።